በአንድ መስመር ሦስት ስህተት

ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ አንዲት የዜና መስመር ናት። ባለፈው ሴሚስተር ለዜና አጻጻፍ ኮርስ እያንዳንዳችን አንድ የአካባቢ ዜና ሠርተን እንድናመጣ ታዘዝን። እኔ የቡታጅራ ልጅ ነኝ፤ የምማረው ግን ወልቂጤ ነው። ለመስቀል ቤተሰቦቼ ጋ ስሄድ ገበያ ወጥቼ የበርበሬ ነጋዴዎችን አነጋገርኩና ዜናዬን እንዲህ ብዬ ጀመርኩ፦ «በደቡብ ክልል በጉራጌ ዞን በማረቆ ወረዳ የሚመረተው በርበሬ በቡታጅራ ገበያ ዋጋው ጨመረ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚህች መግቢያ ኮርቼባት ነበር። ምን፣ የት የሚሉት ጥያቄዎች በአንድ ትንፋሽ ተመልሰዋል ብዬ ነበር። ወረቀቱ ሲመለስልኝ ግን መምህራችን ከነጋዴዎቹ ቃል አንዱንም አልነኩም። የመጀመሪያዋን መስመር ብቻ ሦስት ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ከብበው፣ ከጎኑ «‹የት› አልተመለሰም። ሦስት ስህተት አለ፤ ፈልጊ» ብለው ጽፈዋል።

እንዴ! የማረቆ በርበሬ ከየት እንደሚመጣ እኔ አላውቅም? እናቴ በየዓመቱ ገዝታ ግቢያችን ውስጥ ስታሰጣው እያስነጠሰኝ ነው ያደግሁት። ደግሞስ መታወቂያዬ ላይ «ደቡብ ክልል፣ ጉራጌ ዞን» ተብሎ ተጽፎ የለም እንዴ? የቀበሌው ማኅተም እንኳ አለበት። ለማንኛውም ተናድጄም ቢሆን ፍለጋዬን ጀመርኩ። ያገኘሁትን ለናንተም ባካፍል ይጠቅማል ያልኩት፣ ከክፍላችን ልጆች አብዛኛዎቹ በየዜናቸው ተመሳሳይ ክበብ እንደተሰመረባቸው ስላየሁ ነው።

ስህተት አንድ፦ «ደቡብ ክልል»

የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ የሚያሳፍረውም እሱ ነው። የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል የሚባል ክልል ዛሬ የለም።

ይህ ክልል ሲፈጠርም ከብዙ ቁርጥራጭ ተሰፍቶ ነበር። በሽግግሩ መንግሥት ዘመን አገሪቱ በቁጥር በተሰየሙ ክልሎች ስትከፈል፣ በደቡብ በኩል ከ7 እስከ 11 ያሉ አምስት ክልሎች ነበሩ። ጉራጌ በክልል 7 ውስጥ ነበር። አምስቱ ተዋህደው አንድ ክልል ሆኑ፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 47 ከዘረዘራቸው ዘጠኝ የፌዴሬሽኑ አባላት አንዱ አደረገው። ዋና ከተማው ሀዋሳ ነበረች። እስኪ ካርታ ላይ ወልቂጤን ፈልጉና ጣታችሁን ወደ ሀዋሳ ውሰዱት። ጅማ መንገድ ላይ ያለ ሰው የክልል ጉዳይ ሲኖረው ስምጥ ሸለቆን ማቋረጥ ነበረበት።

ከዚያ መፈታቱ ጀመረ። ሲዳማ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተከተለ። በ2015 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ በወላይታ፣ በጋሞ፣ በጎፋ፣ በጌዴኦና በሌሎችም አካባቢዎች ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መጣ (የወላይታው በሰኔ ተደግሟል)። የቀረው ክፍል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ተባለ። እኛ ያለነው እዚህ ነው። «ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል» ከድሮው «ደቡብ ክልል» ጋር በስም ስለሚመሳሰል ጋዜጠኛ የሚያደናግረው ይሄ ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። አንድ የክፍላችን ልጅ ሆሳዕናን «የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ከተማ» ብሎ ጽፎ ክበቧን ተቀብሏል። ሆሳዕና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ዋና መቀመጫ ናት፤ የክልሉ ቢሮዎች ደግሞ ለተለያዩ ከተሞች ተከፋፍለዋል።

ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል 7 ዞኖችና 3 ልዩ ወረዳዎች አሉት። ዞኖቹ ጉራጌ፣ ምሥራቅ ጉራጌ፣ ሀዲያ፣ ስልጤ፣ ከምባታ፣ ሀላባና የም ናቸው። ልዩ ወረዳዎቹ ቀቤና፣ ማረቆና ጠምባሮ። ሦስቱም ቀይ ክበቦቼ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ወጡ ማለት ነው። ስሞቹን መሸምደድ ከባድ አይደለም፤ እኔን ያስቸገረኝ ከጀርባቸው ያለው ነገር ነው።

ስህተት ሁለት፦ «ጉራጌ ዞን»

እዚህ ላይ ቆየት ልበል፤ ምክንያቱም ይሄኛው የሚነካኝ ነው።

ከቡታጅራ ወደ ወልቂጤ ስትመጡ መንገዱ ተራራ ይወጣል። የዘቢዳር ሰንሰለት ነው፤ ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ሚኒባሱ ወደ ላይ ሲያቃስት እንሰቱ እየበዛ፣ ብርዱ እየጠነከረ ይሄዳል። ከዚያ ወደ ጉብሬ አቅጣጫ ቁልቁል። በተራራው ወዲህ ያለው ውኃ ወደ ግቤ፣ በወዲያ ያለው በመቂ ወንዝ ወደ ዝዋይ ሐይቅ ይወርዳል። ወልቂጤ የአዲስ አበባ–ጅማ መንገድ ልጅ ናት፣ ቡታጅራ ደግሞ የዓለም ገና–ሆሳዕና መንገድ ልጅ። ሁለቱም ወደ አዲስ አበባ ያያሉ፤ እርስ በርስ ግን ጀርባና ጀርባ ናቸው ማለት ይቻላል።

ይሄን ያልኩት ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። አያቴን ስጠይቃቸው የድሮው አስተዳደር ይህንኑ ተራራ ተከትሎ እንደነበር ተረዳሁ። አያቴ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል፤ ከተወለዱበት ግቢ ወጥተው ሌላ ቦታ ኖረው አያውቁም።

«አያቴ፣ ድሮ እኛ በየት ሥር ነበርን?» አልኳቸው።

«ሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ነዋ! ሸዋ ጠቅላይ ግዛት።»

«ወልቂጤስ?»

«እነሱማ ጨቦና ጉራጌ ናቸው። ወሊሶ ነበር የሚሄዱት። እኛ ከነሱ ጋ በአውራጃ አንገናኝም፤ በሠርግ እንጂ።»

ነገሩ ትክክል ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ አደራጅቷት ነበር። ሸዋ ከጠቅላይ ግዛቶቹ አንዱ ነው። ምዕራቡ ጉራጌ ከጨቦ ጋር ተጣምሮ ጨቦና ጉራጌ አውራጃ ተባለ፤ ከተማው ወሊሶ ነበር፣ ያኔ ግዮንም ይባል ነበር። ምሥራቁ ከሐይቆቹ አካባቢ ጋር ሐይቆችና ቡታጅራ አውራጃ ሆነ። ዛሬ ወሊሶም ሐይቆቹም ኦሮሚያ ውስጥ ናቸው። ደርግ በመጣ ጊዜ «ጠቅላይ ግዛት» ተፍቆ «ክፍለ ሀገር» ተተካ፤ አውራጃው ግን ቀጠለ። በ1967 ዓ.ም. የወጡት የገጠር መሬትና የከተማ ቦታ አዋጆች ከታች የገበሬ ማኅበርንና የከተማ ቀበሌን ጨመሩ። «ቀበሌ» የሚለው ቃል ከሰፈርነት ወደ መንግሥት እርከንነት የተሸጋገረው በዚሁ ነው። ዛሬ ቀበሌን ጠባብ ሰፈር ብሎ ብቻ የሚያስብ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ ሁላችንም ማኅተሙን ነው የምናውቀው።

ስለዚህ ወልቂጤና ቡታጅራ በአንድ የአስተዳደር ጣሪያ ሥር የገቡት በ1980ዎቹ አጋማሽ ጉራጌ ዞን ሲመሠረት ነው። ለአያቴ ይሄ የትናንት ነገር ነው። ለእኔ ግን ከመወለዴ በፊት የነበረ፣ የማይለወጥ የሚመስል ነገር ነበር። ትምህርት ቤት «የዞናችን ዋና ከተማ?» ስንባል «ወልቂጤ!» ብለን የጮህነው በአንድ ድምፅ ነው። (ባይገርማችሁ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ቡታጅራ 33,406 ሰው ስትይዝ ወልቂጤ 28,866 ነበራት። «እኛ እንበልጣለን፣ እነሱ ዋና ከተማ» እየተባለ በየካፌው ሲቀለድ እሰማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ስላልተካሄደ ቀልዱም እንዳለ አለ።)

ዞኑ ግን ሲመሠረት እንደነበረ አልቀረም። በመጀመሪያ የወጣው ስልጤ ነው። የስልጤ ሕዝብ ጉራጌ አይደለንም፣ የራሳችን ማንነት አለን ሲል ቆይቶ በ1993 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ በከፍተኛ ድምፅ ተለየ፤ ወራቤን ዋና ከተማ አድርጎ ስልጤ ዞን ሆነ። ከቡታጅራ ወደ ሆሳዕና የሚሄድ ሰው ዛሬ የሚያቋርጠው ይህን ዞን ነው።

ቀጥሎ የመጣው የክልልነት ጥያቄ ነው። የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በኅዳር 2011 ዓ.ም. ጉራጌ ራሱን የቻለ ክልል እንዲሆን የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47 ያስቀመጠው መንገድ ይኸው ነው፦ ጥያቄው በብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይደገፋል፣ ለክልሉ ምክር ቤት በጽሑፍ ይቀርባል፣ የክልሉ ምክር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ያደራጃል። በጉራጌ ጉዳይ ሕዝበ ውሳኔው አልተካሄደም። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የደቡብ ክልል ዞኖችና ልዩ ወረዳዎች በሁለት ክላስተር እንዲደራጁ ሐሳብ ሲቀርብ የሌሎቹ ምክር ቤቶች አጸደቁ፤ በጉራጌ ግን ተቃውሞ ተነሣ፣ ወልቂጤን ጨምሮ በከተሞቹ ሱቅ ተዘግቶ ሰው ቤቱ የዋለባቸው ቀናት ነበሩ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. የዞኑ ምክር ቤት የክላስተሩን ሐሳብ በድምፅ ብልጫ ውድቅ አደረገው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ጉራጌም በውስጡ ገባ። በዚያው ሰሞንም ጉራጌ ዞን ተከፍሎ ቡታጅራን ዋና ከተማው ያደረገ ምሥራቅ ጉራጌ ዞን ወጣ። መስቃን፣ ምሥራቅ መስቃን፣ ሶዶና ደቡብ ሶዶ ወደዚያ ሄዱ። ቸሃ፣ እዣ፣ እነሞር፣ ጉመርና ሌሎቹ ከወልቂጤ ጋር ቀሩ። ተራራው እንደገና ወሰን ሆነ ማለት ነው።

ይህ መከፈል ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እኔ አልፈርድም። እዚህ ወልቂጤ ከማውቃቸው ጓደኞቼ «ጉራጌን አዳከሙት» የሚሉ አሉ። ቡታጅራ ያለ ጎረቤታችን ደግሞ «ለአንዲት ፊርማ ተራራ መሻገር ቀረልን» ይላል። ሁለቱንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም ከልባቸው ነው። ዘጋቢ አንዱን ብቻ ሰምቶ ቢጽፍ ግማሹን ትቷል ባይ ነኝ።

በእኛ ቤት የደረሰውን ግን ልንገራችሁ። እናቴ የቤት ይዞታ ጉዳይ ላይ አቤቱታ ነበራት። ከወረዳ ወደ ዞን ይግባኝ ስትል ፋይሉ ወደ ወልቂጤ መጣ፤ እኔም እዚሁ ስለምማር «አንቺ ተከታተይልኝ» ተብዬ ውክልና የሌለኝ ወኪል ሆንኩ። ዞኑ ከተከፈለ በኋላ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስሄድ «የእናንተ ጉዳይ ወደ አዲሱ ዞን ሄዷል» ተባልኩ። እናቴ ቡታጅራ ስትጠይቅ «ፋይሉ ገና አልደረሰንም» ተባለች። ተመልሼ ስሄድ «ልከናል»፤ እሷ ስትመለስ «አልመጣም»። ወራት ፈጀ። እናቴ በስልክ «ፋይሌ ዘቢዳር ላይ ቀርቷል» ትለኝ ነበር፣ እየሳቀች፤ ግን ሳቅ እንዳልነበረ አውቃለሁ። በመጨረሻ ፋይሉ የተገኘው ከሌላ ወረዳ ወረቀቶች ጋር በአንድ ካርቶን ውስጥ ነው። ካርታ ላይ መስመር ማስመር የአንድ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ካርቶኖቹ ግን በሰው ትከሻ ነው የሚሄዱት።

እዚህ ላይ ለዘጋቢ የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ከእናቴ ፋይል ጋር ስንከራተት የተማርኩት ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስማቸው እርከናቸውን ይናገራል። በፌዴራል ሚኒስቴር የሚባለው፣ በክልል ቢሮ፣ በዞን መምሪያ፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ ሰው «የትምህርት መምሪያ ኃላፊ» ከተባለ የዞን ሰው ነው፣ «የትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ» ከሆነ ደግሞ የወረዳ ወይም የከተማ። የወረዳውን ኃላፊ ሹመት ጨምረን «የቢሮ ኃላፊ» ብለን ብንጽፍ እሱ ይደሰት ይሆናል፤ አንባቢው ግን የክልሉ አቋም ነው ብሎ ያነባል።

ዞን ሁሉ አንድ አይደለም

ሁለተኛውን ክበብ ሳልጨርስ አንድ ያላሰብኩት ነገር አጋጠመኝ። ሁላችንም «ዞን» ስንል በአገሪቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ይመስለናል። አይደለም። የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ዞን የሚባል እርከን አያቋቁምም። በአንቀጽ 50 ክልሎች አስፈላጊ ሆኖ ያገኙትን የአስተዳደር እርከን እንደሚያደራጁና ለታችኛው እርከን በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይናገራል፤ ዝርዝሩን ለክልሎች ሕገ መንግሥት ይተወዋል። በመሆኑም እያንዳንዱ ክልል የራሱን ሠራ።

በኦሮሚያ ዞን የክልሉ መንግሥት ቅርንጫፍ ነው፤ የራሱ ምክር ቤት የለውም። በአማራ ክልል ሁለቱም ዓይነት አለ፦ የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች ምክር ቤት ሲኖራቸው ሌሎቹ ዞኖች የላቸውም። በቀድሞው ደቡብ ክልል ደግሞ ዞን የብሔረሰብ ራስን ማስተዳደሪያ ስለነበር ምክር ቤት ነበረው፤ ያ ባይኖር የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በ2011 ክልልነት ሊጠይቅ፣ በ2015 ክላስተር ሊቃወም ባልቻለ ነበር። ስለዚህ ከወልቂጤ ጥቂት ወደ አዲስ አበባ ተጉዛችሁ ኦሮሚያ ውስጥ «የደቡብ ምዕራብ ሸዋ ዞን ምክር ቤት ወሰነ» ብላችሁ ብትጽፉ የሌለ ምክር ቤት አስወሰናችሁ ማለት ነው። ያው ቃል፣ ያው መንገድ፣ ግን ሌላ ነገር።

ይህን ለማነጻጸር የሕንድን ጉዳይ ትንሽ አየሁ፤ የፌዴራሊዝም ኮርስ ስለምንወስድ ለፈተናም ይጠቅማችኋል። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ1956 ክልሎቿን በዋነኛነት ቋንቋን መሠረት አድርጋ እንደገና አደራጅታለች። በዚህ ትመስለናለች። ነገር ግን አዲስ ክልል የመፍጠር ሥልጣን እዚያ የማዕከላዊው ፓርላማ ነው፤ የሚመለከተው ክልል ምክር ቤት አስተያየቱን ይጠየቃል እንጂ ፈቃዱ ግዴታ አይደለም። እኛ ጋ በወረቀት ላይ ጥያቄው ከታች፣ ከብሔሩ ምክር ቤት ነው የሚነሣው። ቴላንጋና የምትባለው የሕንድ ክልል እ.ኤ.አ. በ2014 ከአንድራ ፕራዴሽ ስትለይ 10 ዲስትሪክት ነበራት። በ2016 ወደ 31፣ በ2019 ወደ 33 ደረሰች። በአምስት ዓመት ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ! ከክልል በኋላ ዞን፣ ከዞን በኋላ ወረዳ የሚበዛው እኛ ጋ ብቻ አይደለም ለማለት ነው። ምክንያቱም አዲስ ዲስትሪክት ማለት አዲስ ጽሕፈት ቤት፣ አዲስ በጀት፣ ለሕዝቡም ቅርብ የሆነ ፊርማ ማለት ነው። ለባለሥልጣኑም አዲስ ወንበር ነው፤ ይሄንንም መርሳት የለብንም።

ስህተት ሦስት፦ «ማረቆ ወረዳ»

ሦስተኛው ክበብ ላይ አንዲት ቃል ነበር የጎደለችው፦ «ልዩ»። ማረቆ በጉራጌ ዞን ውስጥ ወረዳ የነበረችበት ጊዜ አለ፤ ከተማዋ ቆሼ ናት። በ2015ቱ አደረጃጀት ግን ልዩ ወረዳ ሆነች፤ ከወልቂጤ ብዙም የማይርቀው ቀቤናም እንዲሁ።

ልዩ ወረዳ ማለት በዞን ሥር የሌለ፣ በቀጥታ ለክልሉ ተጠሪ የሆነ ወረዳ ነው። ስፋቱ የወረዳ፣ ደረጃው ወደ ዞን የተጠጋ። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ቁጥሩ ትንሽ ለሆነ፣ የራሱ ቋንቋና ማንነት ላለው ሕዝብ ነው። የማረቆ ሕዝብ ቋንቋ ከጉራጊኛ ጋር አይዛመድም፤ የኩሽ ቋንቋ ሲሆን ከሀዲይኛ ጋር ቅርበት አለው። ሀላባና የም ዛሬ ዞን ከመሆናቸው በፊት ለዓመታት ልዩ ወረዳዎች ነበሩ፤ እንግዲህ «ልዩ ወረዳ» ለአንዳንዱ መድረሻ፣ ለአንዳንዱ መሸጋገሪያ ሆኗል።

«አንዲት ቃል ብትጎድል ምን አለበት?» ብዬ አስቤ ነበር። ከዚያ 2011 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። ያኔ 7ኛ ክፍል ነበርኩ። በመስቃንና በማረቆ መካከል አንዳንድ ቀበሌዎች የማን ናቸው በሚል በተነሣ ግጭት ሰዎች ሞተዋል፣ ብዙዎች ተፈናቅለዋል። እኛ ቡታጅራ ትምህርት ተቋርጦ ቤት ተቀምጠን፣ አባቴ ሬዲዮ ከፍቶ ስማችን ሲጠራ ለመስማት ይጠብቅ ነበር። ግጭቱ የተነሣበትን ቀበሌ የትኛው ወረዳ ሥር አድርጎ እንደሚጠራው ነበር የሚያዳምጠው። «ምን አለ? እዚያ ያለው በማን በኩል ነው አለ?» ይል ነበር። ሬዲዮ ላይ ያለው ሰውዬ ምናልባት እንደኔው ሳያስተውል ያነበበው ሊሆን ይችላል፤ ለአባቴና ለጎረቤቶቻችን ግን ያቺ ቃል ፍርድ ነበረች። መምህራችን ለምን ቀይ እስክሪብቶ እንዳነሡ የገባኝ ይሄን ሳስታውስ ነው።

ነጋዴዎቹን ተመልሼ ስጠይቅ አንድ የቆሼ ሰው ሳቅ ብሎ «እኛ ልዩ ወረዳ ነን፤ በርበሬው ግን ድሮም ልዩ ነው» አለኝ። ዜናዬ ላይ ላስገባው ፈልጌ ነበር፤ አስተያየት ከዜና አትቀላቅሉ ስለተባልን ተውኩት።

ከወረዳ በፊት ምን ነበር?

ይሄ እንኳ የኮርሱ ጥያቄ አይደለም፤ ግን አያቴን ካስወራሁ አይቀር ብዬ ነው። ከአውራጃም ከዞንም በፊት የጉራጌ አስተዳደር «ቤት» ነበር። ሰባት ቤት ጉራጌ የሚባለው ከዚያ ነው። የቸሃ ወረዳ፣ የእዣ ወረዳ ስንል ዛሬም በመንግሥት ወረቀት ላይ የቤቶቹን ስም ነው የምንጽፈው። የሰባት ቤት ሽማግሌዎች ሕግ የሚያወጡበትና የሚዳኙበት የጆካ፣ የክስታኔዎቹ ደግሞ ጎርደና ዛሬም ስሙ አለ፤ ሥራውም አለ። በየመንደሩ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ሣር የለበሰው ጀፎረ ማንም እንዳይቆርሰው የሚጠበቀው በነዚሁ ባህላዊ ሕጎች ነው። የክልል ስም ሦስት ጊዜ ሲለወጥ የጀፎረው ወሰን የት እንደሆነ የሚጠፋው ሽማግሌ አላየሁም።

አያቴን በመጨረሻ «ለመሆኑ ስንት አስተዳደር ቀየሩ?» ስላቸው በጣታቸው ቆጠሩ። ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ክልል 7፣ ደቡብ፣ አሁን ማዕከላዊ። ከነጉራጌ ዞንና ከነምሥራቅ ጉራጌ ዞን ሌላ ጣት አስፈለገ።

«እኔ እኮ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ አላልኩም» አሉኝ፤ «እነሱ ናቸው የሚዞሩኝ። ለመሆኑ ግብሩን አሁን የት ነው የምንከፍለው?»

«ያው እዚያው ቀበሌ ነው፣ አያቴ።»

«እንግዲያውስ ምንም አልተለወጠም» ብለው ከዘራቸውን አነሡ። እናቴ ግን ከጓዳ ሆና «ይበሉ እንጂ፣ ፋይል የለዎት» አለች።

ዜናውን እንደገና ጻፍኩት፦ «በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በማረቆ ልዩ ወረዳ የሚመረተው በርበሬ በምሥራቅ ጉራጌ ዞን ቡታጅራ ከተማ ገበያ ዋጋው ጨመረ።» ረዘመ፤ ድምፁም እንደ መጀመሪያው አያምርም። ይሁን ብዬ አስረከብኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ሦስቱ ክበቦች የሉም። አንድ አዲስ ግን አለ፤ «ጨመረ» የሚለው ቃል ላይ። ከጎኑ «ከስንት ወደ ስንት?» ይላል።